«ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» በሸክላና በሲዲ፦ ከደሴ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት

የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተሰኘ አልበም በሸክላና በሲዲ ጎን ለጎን የማነጻጸሩን ሥራ በዚህ ወር ጀምሬአለሁ። አልበሙ በኒው ዮርክ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1972 በወርዚ ሪከርድስ ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ስትራት ሪከርድስ እንደገና ሲያወጣው የስቴሪዮውን ቅጂ (ድምፁ በግራና በቀኝ ሁለት ቻናሎች የተከፈለበትን)፣ የሞኖውን ቅጂ (ሁሉም በአንድ ቻናል የሚሰማበትን) እና ከቀረጻው የተረፉ ሙከራዎችን በሦስት ሸክላዎች አድርጎ አቀረበው። እኔ ዘንድ ያሉት እነዚህ ሦስት ሸክላዎችና የዚያው ዳግም ሕትመት ሲዲ ናቸው። የ1972ቱ ሸክላ በእጄ ስለሌለ ማስታወሻው ስለ እርሱ ድምፅ አይናገርም።

ሥራው የሚካሄደው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሠፈር፣ ሬዲዮና ቴፕ በምጠግንባት ክፍል ውስጥ ነው። በከተማችን ሙዚቃ አጥብቀው በሚያደምጡ ሰዎች ዘንድ ሸክላ ሞቅ ያለ፣ ሲዲ ደግሞ ደረቅ ድምፅ አለው የሚለው አስተያየት እንደተረጋገጠ ነገር ይነገራል። አስተያየቱን የሚሰጡት ጆሯቸው የታመነ ሰዎች በመሆናቸው ልዩነት መስማታቸውን አልጠራጠርም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ነው፤ ምክንያቱም ድምፁ ከመርፌው ተነሥቶ ጆሮ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ የሚለውጡት ነገሮች ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹም ከሸክላነት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

አልበሙን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሙላቱ የሚጫወቱት ቫይብራፎን፣ በበትር የሚመቱ የብረት ዘንጎች ያሉት መሣሪያ፣ አንዴ ከተመታ በኋላ ድምፁ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ የማጫወቻውን የፍጥነት መዛነፍ እንደ ቫይብራፎን ቶሎ የሚያጋልጥ መሣሪያ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን የመሰለ፣ ሰርግ የዋለ ሰው ሁሉ በልቡ የሚያውቀው ዜማ በውስጡ መገኘቱ ነው። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ለቅኝት በሰጡበት አገር የሚኖር አድማጭ ዜማው ከፍ ወይም ዝቅ ሲልበት ከመለኪያ መሣሪያ ቀድሞ ይነቃል። በዚህ ሥራ አብረውኝ የሚያደምጡት የሠፈራችን የክራር መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ክራራቸውን ይዘው ለመምጣት ፈቃደኛ ሆነውልኛል።

ኅዳር

ወሩ በሙሉ ያለቀው ማጫወቻውን በትክክለኛው ፍጥነት እንዲዞር በማድረግ ላይ ነው። ነገሩ ሸክላ ለሚያጫውት ሰው ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ማጫወቻው ከአሜሪካ የመጣ ነው። በዚያ አገር የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሰከንድ የሚደጋገምበት ብዛት ነው። ብዙ ሰው ትራንስፎርመር ከገዛ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። የዚህ ዓይነቱ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። በመሆኑም በደቂቃ 33⅓ ጊዜ መዞር የሚገባው ሸክላ እዚህ የሚዞረው 27.8 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ዜማውም ከሦስት ግማሽ ድምፅ በጥቂቱ በሚበልጥ መጠን ይወርዳል። ፍጥነት ሲቀንስ ድምፆቹ ሁሉ በአንድ ልክ ስለሚወርዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይዛባም፤ ባቲው ባቲ፣ አምባሰሉም አምባሰል እንደሆነ ይቆያል። የዘፈኑ ከፍታ፣ የምቱ ፍጥነትና የመሣሪያዎቹ የድምፅ ቀለም ግን ይለወጣሉ፤ ሳክስፎኑ ይወፍራል፣ ከበሮው ይከብዳል። ከውጭ በመጣ ማጫወቻ ሸክላ ሰምቶ «ሸክላ እንዴት ይከብዳል» ብሎ ያደነቀ ሰው ያደነቀው ይህንኑ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን ፑሌጃ፣ ማለትም ማጫወቻውን የሚያዞረው ቺንጋ የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት፣ በወፈረ ፑሌጃ መተካት ነው። ሞተሩ ከሚገባው ፍጥነት በአምስት ስድስተኛው ብቻ ስለሚዞር ፑሌጃው በአንድ አምስተኛ መወፈር አለበት፤ ስሌቱ ግን የቺንጋውንም ውፍረት ማካተት ይኖርበታል። ቺንጋው ፑሌጃው ላይ ሲጠመጠም ሥራውን የሚሠራው በመካከለኛው ውፍረቱ ላይ ስለሆነ፣ እውነተኛው የፑሌጃ ልክ የብረቱ ስፋትና የቺንጋው ውፍረት ድምር ነው። የነባሩ ፑሌጃ ስፋት 10 ሚሊ ሜትር፣ የቺንጋው ውፍረት 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ድምሩ 10.6 በ1.2 ሲባዛ 12.72 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ የቺንጋው ውፍረት ሲቀነስ የአዲሱ ብረት ስፋት 12.12 ሚሊ ሜትር ነው። ቺንጋውን ከቁጥር ሳያስገባ 12 ሚሊ ሜትር ያስቆረጠ ሰው ማጫወቻው አንድ በመቶ ገደማ ይዘገይበታል፣ ይህም የግማሽ ድምፅ አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። ፑሌጃውን ኮምቦልቻ በሚገኝ ቶርኖ ቤት ከናስ አስቆረጥሁ። ባለሙያው ይህን ለሚያህል ጥቃቅን ሥራ ያሳየው ጥንቃቄ አስደስቶኛል፤ ዳሩን አለስልሶ፣ መሐሉን ቺንጋው እንዳይንሸራተት በጥቂቱ ጎበጥ አድርጎ ነው ያስረከበኝ።

ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን ማረጋገጥ ነበረብኝ። የተለመደው ዘዴ በክብ ወረቀት ላይ መስመሮች ሥሎ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ማዞር ነው። መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ፣ ፍጥነቱ ትክክል ከሆነ 180ው መስመሮች የቆሙ መስለው ይታያሉ። ከአሜሪካ የሚመጣው ክብ ለ60 ኸርዝ የተሠራ 216 መስመር ያለበት ስለሆነ እዚህ አያገለግልም፤ ባለ 180 መስመሩን በኮምፒውተር ሥዬ አሳተምሁ። አዲሶቹ የኤልኢዲ አምፖሎች ብዙዎቹ መርገብገባቸው ስለማይታይ ከአሮጌ መሣሪያ የወጣች ትንሽ የኒዮን መብራት ተጠቀምሁ። መስመሮቹ ቆሙ።

ሆኖም ይህ ምርመራ ብቻውን በቂ አይደለም። ሞተሩም መብራቱም ከአንድ መስመር ስለሚመገቡ፣ የመስመሩ ኸርዝ ከ50 ቢወርድ ሁለቱም እኩል ይዘገያሉ፤ መስመሮቹ እንደቆሙ ሳሉ ዜማው ይወርዳል። በጄኔሬተር ሲሠራ ይህ በግልጽ ይሰማል፤ ጎረቤት ካውያ ሲሰካ ጄኔሬተሩ ይደክማል፣ ቫይብራፎኑም አብሮ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ነፃ የሆነ ምስክር ያስፈልጋል። ሲዲ ማጫወቻ ፍጥነቱን የሚወስደው በውስጡ ካለው የኳርትዝ ክሪስታል በመሆኑ የመስመሩ ኸርዝ ከፍ ዝቅ ማለት አይነካውም። ጋሼ ክራራቸውን በሲዲው ላይ ባለው «ኩሉን ማን ኳለሽ» ልክ ቃኙ፤ ቀጥሎ ያንኑ ዘፈን ከሸክላው አሰማኋቸውና በክራር አብረው ተጫወቱ። መብራት በደህና በሚመጣበት ሰዓት ክራሩና ሸክላው ተስማምተው ተገኙ። በጄኔሬተር በሞከርንበት ጊዜ ግን ገና ዜማው እንደተነሣ እጃቸውን አንሥተው «ይኼ ልጄ፣ ወርዷል» አሉኝ። የስልክ መቃኛ መተግበሪያም ያሉትን አረጋገጠ። ከዚህ በኋላ ማንኛውም ቅጂ የሚወሰደው በዋናው መስመር ብቻ፣ ያውም ከሲዲው ጋር በክራር ከተመሳከረ በኋላ እንዲሆን ወስኛለሁ።

ታኅሣሥ

ፍጥነቱ ከተስተካከለ በኋላም ቫይብራፎኑ በሸክላው ላይ ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ መሰለኝ። በዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ ቫይብራፎን ራሱ የሚያርገበግብ መሣሪያ ነውና። ከዘንጎቹ ሥር ባሉት ቧንቧዎች አፍ ላይ በሞተር የሚዞሩ ክዳኖች አሉት፤ እነርሱ ሲከፈቱና ሲዘጉ ድምፁ ጎላ ደብዘዝ ይላል። የመሣሪያው መርገብገብ ግን በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚደጋገምና በዋናነት የድምፁን ጉልበት የሚነካ ሲሆን፣ የሸክላው መወዛወዝ በየዙሩ አንድ ጊዜ፣ ማለትም በየ1.8 ሰከንዱ የሚመጣና የድምፁን ከፍታ የሚነካ ነው። ለይቶ ለመስማት የረዳኝ የአንዱን ምት ጭራ እየነጠሉ በዝግታ መቁጠር ነው። በሸክላው ላይ ያለው የ1.8 ሰከንዱ ነበር፤ በሲዲው ላይ አልተገኘም።

ምክንያቱ የማጫወቻው የመሐል ዘንግ ከሸክላው ቀዳዳ መቅጠኑ ነው። ሸክላው በዘንጉ ዙሪያ ትንሽ ስለሚላወስ አንዳንዴ ከመሐል ወጥቶ ይቀመጣል። ከመሐል ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢወጣ፣ ሸክላው ዳር አካባቢ የሚፈጥረው መዛባት ትንሽ ነው፤ ወደ መሐሉ ሲጠጋ ግን ወደ ላይና ወደ ታች 0.8 በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ ይህም የሠለጠነ ጆሮ የማያልፈው ነው። ዘንጉን በስስ ፕላስተር አንድ ዙር ጠቅልዬ ቀዳዳው ልክ እንዲይዘው አደረግሁ፤ መወዛወዙም ጠፋ።

የመርፌው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ከማጫወቻው ጋር የመጣው መርፌ ጫፉ ክብ ስለነበር በሞላላ መርፌ ተካሁት። መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት 1.8 ግራም እንዲሆን ፈልጌ፣ ለዚህ የሚበቃ ሚዛን ፒያሳ ካለ ወርቅ ቤት ተውሻለሁ። የወርቅ ሚዛን ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው፤ መታሰብ ያለበት አንድ ነገር መርፌውን የያዘው ካርትሪጅ ማግኔት ስላለበት የሚዛኑ ሳህን ብረት ከሆነ ወደ ታች ስቦት የተሳሳተ ቁጥር የሚሰጥ መሆኑ ነው። ሳህኑ ላይ ወፈር ያለ የእንጨት ቁራጭ አስቀምጦ፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርጎ፣ መርፌውን በእንጨቱ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል።

መርፌው ከተለወጠ በኋላ ትልቁ ልዩነት የተሰማው በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ባለው «ጭፈራ» ላይ ነው። ሸክላ የሚዞርበት ፍጥነት አንድ ቢሆንም ዳሩና መሐሉ የሚጓዙት ርቀት አንድ አይደለም፤ በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ቦዩ፣ ማለትም ድምፁ የተጻፈበት ጠባብ መስመር፣ በመርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲያልፍ፣ በመጨረሻው ላይ ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በመሆኑም በመሐሉ በኩል ያው ድምፅ በጠበበ ቦታ ተጨምቆ ይቀመጣል፤ ክብ መርፌ ደግሞ ወደ ጥቃቅኑ መታጠፊያ መግባት አይችልም። በቀድሞው መርፌ የጭፈራው ጸናጽል ሲሻክርና የነፋስ መሣሪያዎቹ ሲቆራረጡ እሰማ ነበር፤ በአዲሱ መርፌ አብዛኛው ጠራ። ጥቂቱ አሁንም አለ። በሲዲ ላይ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ዘፈን በእኩል ጥራት ስለሚቀመጡ፣ በዚህ በአንዱ ነጥብ ሲዲው ያለ ክርክር ይበልጣል ብዬ እጽፋለሁ።

ስለ ንጽሕና ብዙ የሚባል የለም፤ የባትሪ ውሃ፣ ጥቂት አልኮልና ለስላሳ ጨርቅ በቂ ናቸው፤ ጨርቁ የቦዩን አቅጣጫ ተከትሎ ይሄዳል። በወሎ ቤት ግን አንድ ተጨማሪ ጠላት አለ፣ እርሱም የቡናው ዕጣን ነው። ሊጸዱልኝ በመጡት አሮጌ የአማርኛ ሸክላዎች ላይ አቧራውን አጣብቆ የሚይዝ ስስ ቅባት ያገኘሁ ሲሆን፣ ሁሉም ቡና በሚፈላበት ክፍል የኖሩ ናቸው። ሸክላ ያለው ሰው ወደ ሌላ ክፍል ያዛውረው።

ጥር

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዋናው ማድመጥ ተጀመረ። ለዚህ የድምፁን ጉልበት ማስተካከል ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ከሁለት አንድ ዓይነት ድምፆች አንዱ በአንድ ዴሲቤል ብቻ ቢበልጥ፣ አድማጩ ብልጫውን እንደ ጉልበት ሳይሆን እንደ ጥራት ይቆጥረዋል። ሁለቱንም ወደ ኮምፒውተር ቀርጬ አማካይ ጉልበታቸውን ለካሁ፤ ልዩነቱ ከ0.2 ዴሲቤል በታች እስኪሆንም አስተካከልሁ። በሸክላው በኩል የካርትሪጁን ሽቦ ማሳጠርም አስፈልጎኛል። ማግኔት ያለበት ካርትሪጅ በረጅም ሽቦ ሲገናኝ ቀጭኑ ድምፅ በአንድ ቦታ ላይ ያብጥና ከዚያ በላይ ያለው በፍጥነት ይወድቃል፤ የሲዲ «ድርቀት» የሚባለውን ያህል ልዩነት በአንድ ክንድ ሽቦ ብቻ ሊፈጠር እንደሚችል በዚህ አይቻለሁ። ሸክላው ከማጉያው ፎኖ መግቢያ ሌላ ቦታ ላይ መሰካትም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር በጸደቀው ደንብ መሠረት ሸክላ ሲቆረጥ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ይጻፋልና፤ ይህን ገልብጦ የሚመልሰው ያ መግቢያ ነው።

የማድመጡ ሥርዓት የሚከተለው ነው። ጋሼ፣ እህቴና ባስ ጊታር የሚጫወት አንድ ወጣት ፊታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያዎቹ አዙረው ይቀመጣሉ፤ ማጫወቻዎቹ ከኋላቸው ስለሆኑ የሚጫወተው የቱ እንደሆነ አያዩም። የመርፌው ማረፊያ ድምፅ ወሬ እንዳይነግር ማጉያውን የምከፍተው ሙዚቃው ከተጀመረ በኋላ ነው። ሦስት ነገሮች በተለዋወጠ ቅደም ተከተል ይቀርባሉ፤ እነርሱም ሸክላው ራሱ፣ ሲዲው፣ እንዲሁም ሸክላው በሲዲ ልክ፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ናሙናና በ16 ቢት የተቀረጸበት ዲጂታል ቅጂ ናቸው።

ሦስተኛው የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። የሸክላ ሙቀት የሚባለው ነገር ዲጂታል ሊይዘው የማይችል ቢሆን ኖሮ፣ ከሸክላ የተወሰደው ዲጂታል ቅጂ ወደ ሲዲው በመሰለ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ሦስቱም አድማጮች ሸክላውንና ሲዲውን አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ለዩ፤ ሸክላውንና የራሱን ዲጂታል ቅጂ ግን መለየት አልቻሉም፣ ቅጂውን ሲሰሙም «ይህ ሸክላው ነው» ይሉ ነበር። የሸክላው ጠባይ ሳይጎድል ወደ ዲጂታሉ ተሻግሯል። እንግዲህ ሞቅ ያለ የሚሉት ድምፅ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን የሚመጣው መርፌው፣ ሽቦው፣ የቦዩ ሹክሹክታና የሁለቱ ቻናሎች እርስ በርስ መነካካት በድምፁ ላይ ከሚጨምሩትና ከሚቀንሱት ነው፤ እነዚህ ሁሉ ደግሞ በ16 ቢት ውስጥ በሚገባ ይቀመጣሉ።

አድማጮቹ በምን እንደሚለዩ በጠየቅኋቸው ጊዜ መልሳቸው የተለያየ ነበር። እህቴ ሙዚቃው ለስለስ በሚልበት ቦታ የሸክላውን ሹክሹክታ ትጠብቃለች። ባስ ተጫዋቹ በሲዲው ላይ የግራና የቀኝ መሣሪያዎች ይበልጥ እንደሚራራቁ ተናግሯል፣ ይህም ከሚታወቀው ነገር ጋር ይስማማል፤ በካርትሪጅ ውስጥ ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው የሚያፈስሰው ድምፅ በሲዲ ላይ ካለው እጅግ ይበልጣልና። ጋሼ ግን የፈለጉት ሌላ ነገር ነበር። «መሣሪያዎቹ በየጥጋቸው ናቸው፤ አንድ ላይ አልተቀመጡም» አሉ፤ ይህንንም ያሉት በሸክላውም በሲዲውም ላይ ነው። የስቴሪዮውን ቅንብር እንጂ ሸክላነትን ወይም ሲዲነትን እንዳልነቀፉ ስለገባኝ ወደ ሞኖው ሸክላ ተሸጋገርን።

የካቲት

የሞኖ ድምፅ በቦዩ ውስጥ የሚጻፈው ወደ ጎን በመወዛወዝ ብቻ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው እንቅስቃሴ ከሙዚቃው ምንም አይዝም። ስለዚህ በስቴሪዮ ካርትሪጅ ሲጫወት የማጉያውን የሞኖ ማብሪያ መጫን ተገቢ ነው፤ ሁለቱ ቻናሎች ሲደመሩ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚመጣው ጫጫታ ብዙው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ማብሪያው ከመጫኑ በፊትና በኋላ ያለው የሹክሹክታ ልዩነት ያለ መለኪያ ይሰማል።

አንድ ጥያቄ ግን ቀድሞ መመለስ ነበረበት። የሞኖ ማብሪያ ካለ የስቴሪዮውን ሸክላ በእርሱ አጫውቶ ሞኖ ማድረግ ይቻላል፤ ታዲያ የተለየ የሞኖ ቅጂ ለምን ያስፈልጋል? የስቴሪዮው ሁለት ቻናሎች ሲደመሩ፣ በሁለቱም ውስጥ እኩል የተቀመጠው የመሐል መሣሪያ በአንድ ጎን ብቻ ከተቀመጠው አንጻር እስከ 3 ዴሲቤል ያህል ይጎላል። ሚዛኑ በቅንብሩ ጊዜ ማንም ያልመረጠው ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱን አከታትዬ አሰማሁ። በ«ደወል» ላይ ጋሼ የሞኖውን ሸክላ ወዲያውኑ መረጡ፤ ባስ ተጫዋቹ ሲያመነታ ቆይቶ ባሱንና ከበሮውን ከሞኖው መልቀም እንደሚቀለው ተናገረ፤ እህቴ የስቴሪዮውን ስፋት እንደምትወድ ገልጻ በአቋሟ ጸናች። የእኔ ፍርድ ከጋሼ ጋር ነው። በአንድ ድምፅ ማጉያ ሬዲዮ ሙዚቃ ሰምቶ ላደገ ሰው፣ ባሱ፣ ከበሮውና ቫይብራፎኑ ከአንድ ቦታ ተነሥተው ሲመጡ የዘፈኑ ምት ይበልጥ ይጨበጣል።

በሞኖውና በስቴሪዮው መካከል ያለው ርቀት በሸክላውና በሲዲው መካከል ካለው እጅግ የሰፋ ሆኖ መገኘቱን እዚህ ላይ መዝግቤ ማለፍ እፈልጋለሁ። አድማጮቹ በሸክላና በሲዲ ላይ ለመፍረድ ደጋግመው መስማት ያስፈልጋቸው ነበር፤ በሁለቱ ቅንብሮች ላይ ግን ዜማው ሩቅ ሳይሄድ ፍርዳቸውን ይሰጡ ነበር። ስለዚህ ሸክላ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ከየትኛው ቅንብር፣ ከየትኛው ሕትመት የተወሰደ እንደሆነ ነው።

መጋቢት

የጋሼ የክራር ተማሪዎች «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ከአልበሙ እያደመጡ ማጥናት ስለጀመሩ ቅጂዎቹን በሥራ ከፋፍለናቸዋል። ለመቃኛ የሚያገለግለው ሲዲው ነው፤ መብራት ቢደክምም፣ በጄኔሬተር ቢሠራም ከፍታው አይናወጥም። በኅብረት ለማድመጥ የሞኖውን ሸክላ እንጠቀማለን። «ጭፈራ»ን ለብቻው መስማት የፈለገ ሰው ደግሞ ከሲዲው እንዲሰማው አደርጋለሁ፣ የሸክላው መጨረሻ አሁንም በጥቂቱ ስለሚሻክር። የሞኖው ሸክላ እንዳያልቅ ዲጂታል ቅጂውን በ24 ቢት ወስጃለሁ፤ ለተማሪዎቹ የሚሰጠው ከዚያ የወጣው ነው።